ድንኳኑ ያለበት ጓዳ

ከደብረ ሲና ወደ ደብረ ብርሃን በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት ባልቴት ቤታቸውን ከሚያሻሽጥላቸው ደላላ ጋር ይከራከሩ ነበር።

«እትዬ፣ ይሄም ገዢ ሊሸሽብን ነው። ቤቱን ወዶታል፤ የዕድሩ ድንኳን ግን ከጓዳው ይውጣልኝ ይላል።»

«ድንኳኑ አይወጣም።»

«ዕድሩ ሌላ ቦታ ይፈልግለት እንጂ!»

«የማን ጓዳ ይችለዋል? ከሰፈሩ ሰፊውም ደረቁም የእኔ ነው።»

«እኔ የማሻሽጠው ቤት ነው ወይስ ዕድር?»

«ሁለቱንም።»

«ኧረ እትዬ! ሰውየው ለፋብሪካ ሥራ የመጣ እንግዳ ነው። የሰፈር ዕድር ምን ያደርግለታል?»

«ሞት እንግዳ ነው ብሎ ያልፈዋል?»

«እሱስ አያልፈውም። ግን እርስዎ አዲስ አበባ ልጅዎ ዘንድ ሊገቡ አይደል? ከሄዱ በኋላ ድንኳኑ የትም ቢቀመጥ ምን ያስጨንቅዎታል?»

«ስሞት የት የምመጣ መሰለህ?»



«እሺ፣ ለገዢው ምን ልበለው?»

«ከነድንኳኑ ይግዛ በለው። ዕድሩ ውስጥም ራሴ ወስጄ አስመዘግበዋለሁ። እምቢ ካለ ሌላ ፈልግ።»

ጆሮዬ እነሱ ጋር ሆኖ፣ መውረጃዬ ሲደርስ «ወራጅ አለ» ሳልል አለፍኩት።