የወንድሜ ድንጋይ

ከስምንተኛ ክፍል ወዲያ ስላልተማርኩ ጽሕፈቴ አያምርም፤ ፊደልም እሳሳታለሁ፤ እንደምንም አንብቡልኝ። ቢቸና ባለው ቤታችን ጓሮ ወንድሜ ተቀብሯል። ክርስትና ሳይነሳ ስለሞተ ቤተ ክርስቲያን አልተቀበረም። እናቴ በላዩ አንድ ድንጋይ አስቀምጣለች። ስለ እሱ ግን በቤታችን አይወራም።

እናቴ ሞጣ እህቷ ዘንድ በሄደችበት ቀን የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መጡ። የሚያጠኑት አለት እንዴት እንደሚሰነጠቅ ነው። ከቤታችን ጀርባ ያለውን ገደል ሲቀጠቅጡ ውለው አለቃቸው ወደ ጓሯችን ወረደና ያንን ድንጋይ አገላበጠው። «እዩት፣ መሬቱ ሲንሸራተት የፋቀው ነው! ጫኑት» አለ።

«ጋሼ፣ እሱን ይተዉት» አልኩ።

«ለምን? ወርቅ አለው እንዴ?» ሲል ሁሉም ሳቁ።

«የእናቴ ነው።»

«አይዞሽ የኔ ቆንጆ፣ ለእናትሽ አገሩ ሁሉ ድንጋይ ነው። ይኼን በማሽን ተጭነን፣ ምን ያህል ችሎ እንደሚሰበር እናያለን።»

ሊሰብሩት! ደሜ ፈላ፤ መቃብር ነው ለማለት ግን ምላሴ ተሳሰረ። «ለምን?» ብሎ የጠየቀ ሰው መልሱን አይጠብቅም? መኪናቸው ሲንቀሳቀስ የአፈር ጓል ወረወርኩ፤ አልደረሰም። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

እናቴ አሁንም ማልዳ ጓሮ ትወጣና ድንጋዩን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርገዋለች። እሷ ከሞጣ ሳትመለስ ወንዝ ወርጄ፣ የሚመስለውን መርጬ የተካሁት መሆኑን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።