ማኅተም ያረፈበት መጠይቅ

ግንቦት፣ ረፋድ አራት ሰዓት፣ በአንድ የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቢሮ፤ ወጣቱ ርእሰ መምህር ልሳነወርቅና የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ወይዘሮ ትርንጎ።

ልሳነወርቅ፦ እትዬ ትርንጎ፣ እግርዎ ላይ ልውደቅ፣ ይድረሱበት!

ትርንጎ፦ ማንን? ሱፐርቫይዘሩን? ሞተር ይዟል እኮ፣ ዳይሬክተር። በዚህ ጉልበቴ ከሞተር ጋር ልሽቀዳደም? ሰማዩም ጠቁሯል።

ልሳነወርቅ፦ መጠይቁን ሰጡት?

ትርንጎ፦ አስፈርሜ ነው የሰጠሁት። ይኸው፣ ፊርማው።

ልሳነወርቅ፦ ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን? “ርእሳነ መምህራን በሥራቸው ምን ያህል ይረካሉ” የሚለውን?

ትርንጎ፦ እሱን። ሞልተው ጨርሰውታል፤ ግን ማኅተም የለው፣ ቲተር የለው፣ ቁጥር የለው። እንዲያ ራቁቱን ከቢሮ ይወጣል እንዴ?

ልሳነወርቅ፦ ምን አደረጉት?

ትርንጎ፦ አለበስኩታ! የስምዎን ቲተር፣ ከጎኑ ክቡን ማኅተም፣ ከላይ ቁጥርና ቀን።

ልሳነወርቅ፦ ወይኔ! “ስም አይጻፍም” ይላል እኮ፤ በትልቁ ተጽፏል። አላነበቡም?

ትርንጎ፦ እኔ የሰው ጽሑፍ አላነብም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ማኅተም ሳደርግ አንድም አላነበብኩም። ስድስት ዳይሬክተር ሲያልፍ እኔ የቆየሁት ለምን ይመስልዎታል?

ልሳነወርቅ፦ ስም የለውም ብዬ እውነቱን ጻፍኩ።

ትርንጎ፦ ውኃ ይጠጡ። “አልረካሁም” ቢሉስ? በዚህ ግቢ የረካ ካለ የጥበቃው ውሻ ነው።

ልሳነወርቅ፦ እሱ አይደለም። መጨረሻ ላይ “በሥራዎ እጅግ የሚከብድዎትን ይግለጹ” ይላል።

ትርንጎ፦ ገለጹ?

ልሳነወርቅ፦ ገለጽኩ። የሁለተኛ ለ ክፍል የጀርባ ግድግዳ ወደ ውስጥ አዘንብሏል፣ እኔ ግን በየመንፈቁ “ክፍሎች በሙሉ ደህና ናቸው” በሚለው ሪፖርት ላይ እፈርማለሁ፣ የምፈርመውም ፈርቼ ነው ብዬ ጻፍኩ።

ትርንጎ፦ የትኛው ሪፖርት ላይ?

ልሳነወርቅ፦ በየመንፈቁ ወደ ወረዳ የሚሄደው ላይ።

ትርንጎ፦ ያ ሪፖርት ላይ ማኅተም የማደርገው እኔ ነኝ።

ልሳነወርቅ፦ እርስዎ ነዎት።

ትርንጎ፦ ስንጥቁ ያው ድሮ የነበረው አይደለም እንዴ? ጣት የሚያስገባው?

ልሳነወርቅ፦ አምና ጣት ያስገባ ነበር። ትናንት እጄን ከተትኩት፤ እስከ አንጓዬ ገባ።

ትርንጎ፦ በስመ አብ! ታዲያ እንዴት ዝም ይላሉ?

ልሳነወርቅ፦ አቶ ይርዳው ዝም አላሉም። ከእኔ በፊት እዚህ ወንበር ላይ ሆነው “ክፍል ተሰንጥቋል” ብለው ጻፉ። በግምገማ “ኅብረተሰቡን ማንቀሳቀስ ያልቻለ” ተባሉ። አሁን የት ናቸው?

ትርንጎ፦ ወንዝ ማዶ ተዛውረዋል። ክረምት ከገባ እስከ መስከረም መውጫ የለም።

ልሳነወርቅ፦ የእኔዋ ደግሞ ወሯ ገብቷል። እዚያ አዋላጅ አለ?

ትርንጎ፦ እንኳን አዋላጅ ኔትወርክም የለ።

ልሳነወርቅ፦ አየሽ... ይቅርታ፣ አዩ? ስልክዎ እየጠራ ነው።

ትርንጎ፦ እሱ ነው። ሱፐርቫይዘሩ።

ልሳነወርቅ፦ የለም ይበሉት! ታሞ ሄደ ይበሉት!

ትርንጎ፦ ሃሎ? አቤት ጌታዬ... አሉ፣ አጠገቤ ናቸው... እሺ... እሺ፣ እነግራቸዋለሁ።

ልሳነወርቅ፦ “አጠገቤ ናቸው” ይሉታል?

ትርንጎ፦ መዋሸት አላውቅበትም፤ ማተም ብቻ ነው የምችለው።

ልሳነወርቅ፦ ምን አለ? ቶሎ ይንገሩኝ።

ትርንጎ፦ ድልድዩ ጋ ቆሞ አንብቦታል። ከአሥራ አንድ ትምህርት ቤት ማኅተም ያለው የእኛ ብቻ ነው አለ። አልተቆጣም። ባዶ ቅጽ ይዞ እየተመለሰ ነው። “ሌሎቹ ሁሉ በጣም ረክተዋል፤ እሳቸውም ይርኩና ይኼኛውን እቀደዋለሁ” አለ።

ልሳነወርቅ፦ እሰይ! ተመስገን! እስክሪብቶዬ የት ሄደ?

ትርንጎ፦ እጅዎ ላይ።

ልሳነወርቅ፦ መዝገቡ ላይ ያለውንም ይሰርዙልኝ።

ትርንጎ፦ እሰርዛለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ከዚያ ግድግዳ ሥር ስንት ልጅ ይቀመጣል?

ልሳነወርቅ፦ አሁን ይኼ ምን ያደርጋል?

ትርንጎ፦ ሃያ ሁለት ዓመት ሳላነብ ነው ያተምኩት። አንዴ እንኳ ልወቅ።

ልሳነወርቅ፦ አሥራ ሁለት። የኋላው ረድፍ።

ትርንጎ፦ ጣሪያው ይሰማዎታል? ጀመረ።

ልሳነወርቅ፦ ይሰማኛል። ዝናብ በጣለ ቁጥር ጆሮዬ ወደዚያ ነው። ሥራዬ ይኼ ሆኗል፣ እትዬ ትርንጎ፤ ግድግዳ ማዳመጥ።

ትርንጎ፦ እየበረታ ነው። ሞተሩም መጣ፣ በሩ ጋ ደርሷል። ምን ልበለው?

ልሳነወርቅ፦ ቆይ... አንድ ጊዜ።

ትርንጎ፦ ዳይሬክተር፣ ምን ልበለው?

ልሳነወርቅ፦ መጀመሪያ ለሁለተኛ ለ መምህርት ይንገሩልኝ። ልጆቹን በሙሉ፣ አሁኑኑ፣ ወደ መምህራን ማረፊያ ታስገባ።

ትርንጎ፦ እሱንስ? እዚህ ላስገባው?

ልሳነወርቅ፦ እዚህ አይደለም። ሁለተኛ ለ ባዶ ሲሆን ከኋላ ረድፍ ሁለት ወንበር ያዘጋጁልን፤ ቅጹን እዚያ፣ ጀርባችንን ለግድግዳው ሰጥተን አብረን እንሞላዋለን።