የኮቱ ስሌት

ልብስ ሰፊው መቀሱን ጨርቁ ላይ ሊያሳርፍ ሲል የእህቱ ልጅ ከዝናብ ሸሽታ ዘው አለች። የሂሳብ መምህርት ናት። ጨርቁ የመጨረሻው ቁራጭ ነበር፤ ለሚስቱ ኮት ሊሆን ነው። ሚስቱ «የሰፊ ሚስት ሆኜ የሌላ ሰው ስፌት እለብሳለሁ» እያለች ስትነዘንዘው ኖራ ዘንድሮ ገና ሰማት።

«ጋሼ፣ ስንት ሊቆርጡ ነው?» አለች፣ ከጨርቁ ጎን የተዘረጋውን፣ ሌላ ሰው የነደፈውን የኮት ንድፍ እያየች።

«ፊቱንም ጀርባውንም በሃምሳ ሦስት ሳንቲሜትር። ይኸው፣ ስድስት ሲደመር ደ ሲካፈል ለሁለት ይላል። ደ የደረት ዙሪያ ነው፤ የእትዬሽ መቶ ነው። ስድስት ስጨምርበት መቶ ስድስት፤ ሜትሩን ለሁለት ሳጥፈው ሃምሳ ሦስት።»

«ማካፈሉ ይቀድማል። መቶ ለሁለት ሃምሳ፤ ስድስት ሲጨመርበት ሃምሳ ስድስት።»

ሰፊው ሳቀ። ልብሱ እንዳይጠብ የሚተወውን ትርፍ ጨምሮ ሜትሩን ማጠፍ ሙያውን ካስተማረው ሰው የወረሰው አሠራር ነው፤ ስንቱን ኮት አሳምሮበታል።

«የኔ ልጅ፣ ሰው የሚያነበው ከግራ ነው። ወረፋ አታውቂም?»

«ከግራ የሚጀመረው እኩዮች ሲገናኙ ነው፣ ጋሼ። ማባዛትና ማካፈል ከመደመርና ከመቀነስ ይቀድማሉ። መደመሩ እንዲቀድም የፈለገ በቅንፍ ይከተዋል፤ እዚህ ቅንፍ የለም።»

«ማን ደነገገው?»

«ሰው ተስማማበት። ይህን የነደፈው ሰው እርስዎን አያውቅም። ደንብ ባይኖር እሱ አንድ ኮት አስቦ እርስዎ ሌላ ይቆርጡ ነበር።»

ልጅቷ ልክ ነበረች፤ ግን ዕድሜውን ከመቀስ ጋር የኖረ ሰው በቃል ብቻ አይረታም።

«ታዲያ የእኔ አሠራር ሲያታልለኝ ኖሯል?» አለ ቅር ብሎት።

«የለም! የእርስዎ ትርፍ ለመላው ዙሪያ ስለሆነ ጨምረው ማካፈልዎ ልክ ነው፤ ሲጻፍ ቅንፍ ይኖረዋል። ይኼኛው ስድስት ግን ለፊት ለብቻ፣ ለጀርባም ለብቻ ነው። ካካፈሉት ለእያንዳንዱ ሦስት ብቻ ይደርሰዋል።»

ሰፊው አሮጌ ጋዜጣ በሃምሳ ሦስት ቆርጦ በስፒል አያያዘና፣ በሚስቱ ልክ ያለ፣ ሹራብ የለበሰ የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ላይ አጠለቀው። ብብቱ ሥር ተሰነጠቀ። በሃምሳ ስድስት ሲሞክር ልክክ አለ።

«ጉድ! ጨርቁን አበላሽቼ ምን ፊት ይዤ ቤት እገባ ነበር?» አለ። «ከእንግዲህ በፊደሉ ቦታ ቁጥር ስተካ መጀመሪያ ቅንፍ፣ ቀጥሎ ማባዛትና ማካፈል፣ በመጨረሻ መደመርና መቀነስ። ያኔ የማንም ንድፍ አያሳስተኝም፤ ጨርቅም አይባክንም።»

ኮቱ ባለቀ ቀን ሚስቱ ለብሳው ወዲያና ወዲህ ዞረች፤ እንከን ፈልጋ አጣች።

«ብብቱ አይይዝሽም?» አለ።

ሁለት ክንዷን ከፍ አድርጋ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።