ካድሬው ይዞት የሄደው ዱላ

ከመርሳ ወደ ወልዲያ ስንሄድ፣ ጎርፍ ግማሹን የበላው ጠመዝማዛ መንገድ ጋ አውቶብሳችን ቆመ። እዚያ ዱላውን የያዘ ሾፌር ብቻ ይገባል፤ ሲወጣ ማዶ ለሚጠብቀው ሾፌር ያስረክባል። የካድሬው ላንድሮቨር ግን ለማንም ሳያስረክብ ዱላውን ይዞ ወልዲያ ገብቷል አሉ። ከኋላዬ አንዲት እናትና አንድ የድሬዳዋ ባቡር ጡረተኛ ይጨቃጨቃሉ።

«ልጄን ዛሬ ከወልዲያ ለውትድርና ይጭኑታል። ሾፌሩን ንዳው በለው!»

«አይሆንም፣ እናቴ። ይኸው ይዩ።» ሁለት የክብሪት እንጨቶች ጉልበቱ ላይ አጋጨ። «እኛም ጋ በአንድ ሐዲድ ላይ ያለ ዱላ የገባ ባቡር እንዲህ ነው የሚሆነው።»

«የሚመጣ መኪና ይታይሃል?»

«አይታየኝም። ሕጉ የወጣው ለማይታየው ነው።»

«ካድሬውንስ አያየውም፣ ሕጉ?»

ጡረተኛው እንጨቶቹን ወደ ክብሪቱ ቤት መለሰ።

«ባቡራችሁ ዱላ ሲጠፋ እዚያው ቆሞ ያረጅ ነበር?»

«የለም፤ አንድ ሰው በእግሩ ቀድሞ ያልፍና ከማዶ የሚመጣውን ያግዳል። ዱላው እሱ ይሆናል።»

«ወላሂ! ታዲያ እግርህን ለማን አስቀምጠህ ነው በክብሪት የምታጫውተኝ? ውረድ!»

ኮፍያውን አድርጎ ወረደ።

ከማዶ «እለፉ» የሚል ፉጨቱ ተሰምቶ አውቶብሳችን ሲነሳ፣ እኔ ጫማ ነጋዴው ገና ጭቃው ላይ የቀረውን የእግሩን ዱካ እያየሁ ነበር።