የጻፉት ተቀምጧል

የተድላ እናት እማማ ፀጋ፣ አባቶች፣ እናቶች፣ በዚህ ዝናብ ከቢታ ገነትና ከሺሺንዳ የመጣችሁ መምህራን፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ኃይለመስቀል ነኝ፤ የመሥሪያ ቤታችንን ዜና የምጽፈው። የተድላ ጠረጴዛ ከእኔ ፊት ለፊት ነው። ነው እላለሁ፤ ነበር ማለቱ ገና አልመጣልኝም።

እንባም አልመጣልኝም። ስለዚህ የማውቀውን ብቻ ልናገር።

ተድላ መምህራን ዝውውር የሚጠይቁበትን ድረ ገጽ የሠራ ሰው ነው። ድረ ገጹ የገባውን ሰው ለተወሰነ ጊዜ ያስታውሰዋል። ሴሽን ይሉታል። ሰውየው ትንሽ ዝም ካለ ግን ሄዷል ብሎ ይረሳዋል፤ በሩንም ይዘጋል። ታዲያ ዝም ያለ ሁሉ ሄዷል?

ይህን ጥያቄ ያመጡት መምህርት ወለተሥላሴ ናቸው። እዚህ ቆመዋል። ያኔ ልጆቻቸው ቦንጋ፣ እርሳቸው ቢታ ገነት ነበሩ። ማመልከቻቸውን ሲጽፉ ኔትወርኩ ይሄዳል፤ ሲመለስ የጻፉት የለም። እንደገና ይጽፋሉ፤ እንደገና ይጠፋል። በመጨረሻ ሚኒባስ ተሳፍረው ቢሮ መጡ።

«ይህን ነገር የሠራው የቱ ነው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«እናትህ ቤት እንግዳ አሳብ ይዞት ዝም ቢል ታስወጣዋለች?»

«ኧረ አታስወጣም!»

«ታዲያ አንተ ከማን ተማርከው?»

ቢሮው ሳቀ። ተድላ አልሳቀም። ወንበር አቀረበላቸውና ጊዜውን እዚያው አረዘመው።

ማርዘሙ ግን ስሕተት ነበር። ገበያው አጠገብ ኮምፒውተር የሚያከራየው ሰሚር ደወለ።

«ተድላ፣ አንዷ መምህርት ገጹን ሳትዘጋ ተነሥታ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ድረ ገጽህ ግን አሁንም ‹እንኳን ደህና መጡ፣ አስማ› ይላል። የተቀመጠው እኮ ጢማም ሰውዬ ነው!»

ሰሚር፣ በስልኩ ውስጥ ስትስቅ እኔም ሰምቼሃለሁ። የተድላ ፊት ግን ተለወጠ። ሰውየው ቅን ባይሆን የአስማን ማመልከቻ ሊሰርዘው ይችል ነበር።

ጊዜውን ቢያሳጥር ወለተሥላሴን ያባርራል። ቢያረዝም የአስማን ቤት ክፍት ይተዋል። ምን ያድርግ? ሁለቱን ለያቸው። በሩ ቶሎ ይዘጋ አለ። የተጻፈው ግን ሌላ ቦታ ይቀመጥ፤ ባለቤቱ በይለፍ ቃሉ ሲመለስ ካቆመበት ያግኘው። «ለመርሳት በተሠራ ቦታ የሰው ልፋት አይቀመጥም፣ ጋሼ» ይለኝ ነበር።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «በሩ ሲዘጋ ምን እንበላቸው? እስካሁን ‹ጊዜዎ አልፏል› ነው የሚለው። ቁጣ ይመስላል።»

አብረን ጻፍነው። «የጻፉት ተቀምጧል። ሲመለሱ ይቀጥላሉ።»

መምህርት ወለተሥላሴ ማመልከቻቸውን ጨረሱ። ዛሬ ከቢታ ገነት አልመጡም። ከልጆቻቸው ጋር ከዚሁ ከቦንጋ ነው የመጡት።

ዛሬ ጠዋት ለቀብሩ የተድላን ፎቶግራፍ ላመጣ ቢሮ ገባሁ። ላፕቶፑ እንደተወው ነው። ሕመሙ ድንገት ሲጥለው የጀመረውን ገጽ እንኳ አልዘጋም። ማውዙን ነካ አደረግሁት። እነዚያ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ወጡ። ቆሜ አነበብኳቸው። ልማድ ሆኖብኝ የተሳሳተ ፊደል ፈለግሁ። የለም። ፎቶውን ይዤ ወጣሁ።

ተድላ ወንድሜ፣ ዝም ያለ ሁሉ አልሄደም ብለኸን ነበር። እኛም አምነንህ ነበር። አሁን ዝም ብለሃል፤ አፈሩም ሊመለስ ነው።

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ልንገርህ። እውነት ነው፤ እነዚህ መምህራን ምስክር ናቸው። የጻፍከው ተቀምጧል።

ሁለተኛውን ማለት አልቻልኩም።

ደህና ሁን።