ሽንኩርቱና ጥቁር ሰሌዳው

ዓለም ጤና ከተማ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው የማስተምረው። ልጅ በተግባር ሲማር ነው አገር የሚለወጠው ብዬ ስለማምን፣ ባለፈው የስፋት ስሌት ላስተምር ተማሪዎቼን ወደ ትምህርት ቤቱ ጓሮ ይዣቸው ወጣሁ። መደቡን ለክተን ሽንኩርት መትከል ስንጀምር፣ የአንዷ ተማሪዬ አባት ኦቦ ገመቹ እየተቆጡ መጡ።

«መምህር፣ ልጄን ከሽንኩርት ማሳ አውጥቼ ላንተ አስረከብኳት። አንተ መልሰህ ማሳ ትከታታለህ?»

«በተግባር እየተማሩ እኮ ነው፣ ኦቦ!»

«ተግባሩማ እኔ ቤት ሞልቷል። እኔ ቤት የሌለው ጥቁር ሰሌዳ ነው!»

ልጅቷን እጇን ይዘው ባዶው ክፍል ውስጥ፣ ሰሌዳው ፊት አስቀመጧትና ሄዱ።

ቅዳሜ አዳማ፣ የእህቴ ልጅ የሚማርበት የግል ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ነበር። ልጁ በተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ ያበቀለውን አንዲት ሽንኩርት ይዞ ብቅ ሲል፣ እህቴ እልልታዋን አቀለጠችው።

«አየህ አይደል? እዚህ እኮ በተግባር ነው የሚያስተምሯቸው! ያለ ነገር አይደለም ይሄን ሁሉ የምንከፍለው።»

እኔም አጨበጨብኩ። ለምኑ እንደማጨበጭብ ግን ግራ ገባኝ።

ሰኞ ክፍል ስገባ ልጆቹ «ቲቸር፣ እንውጣ ወይስ እንቀመጥ?» አሉኝ። ጠመኔውን በአንድ እጄ፣ ሜትሩን በሌላው ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። እስካሁን እዚያው እንዳለሁ ቁጠሩኝ።