ልሙጡ መጽሐፍ

ከሴቻ ወደ ሲቀላ በሚወርደው ታክሲ ውስጥ፣ አንዲት ከጫኖ መንደር የመጣች ሴት ከፊቴ የተቀመጡትን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አወቀቻቸው።

«ጋሼ፣ የብሬል መጻሕፍቱ መጡ? ዓይነ ስውሯ ልጄ ያላትን አንድ መጽሐፍ ስንት ጊዜ ደጋገመችው።»

«መጡ። ግን ገጹ ሁሉ ጎርባጣ ነበር። እርጥበት የነካው መስሎን ከባድ መዝገብ ጭነንበት ከረምን።»

«ከዚያስ?»

«አሁን ልሙጥ ሆኗል። ኃላፊያችን ሳይቀሩ አመሰገኑን።»

«ጋሼ፣ ልጄ እኮ ያንን ጎርባጣውን በጣቷ ዳስሳ ነው የምታነበው!»

«ታዲያ ቀደም ብለሽ አትነግሪንም ነበር?»

«አሁን ምን ልታነብ ነው?»

«ለማንኛውም ቅዳሜ የመጻሕፍቱ ምረቃ ስላለ ይዘሻት ነይ። መጽሐፍ ገልጣ ፎቶ ትነሳለች።»

«ባዶ መሆኑን በጣቷ ብታውቅስ?»

«ፈገግ በይ በያት።»

ጉልበቴ ላይ የነበረውን መጽሐፍ ገልጬ ገጹን በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት።